የቁጥር 31 ባለቤት

ጥቅምት 15፣ ሰኞ፣ ጠዋት 4፡10

ውርጩ ዛሬም አልማረንም። የቤተ ሙከራው ቧንቧ ደርቋል፤ ውኃ ከግቢው በርሜል በባልዲ። አጉሊ መነጽር አራት፣ የሚሠራው ሁለት፣ ተማሪ ሃምሳ። ስለ ዘር ውርስ አስተማርኩ። አንዱን ወንድን ወንድ የሚያደርገው ምንድን ነው ብለው “ወኔ” አለኝ። ክፍሉ በሳቅ አበደ። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩለት፦ ሴት ሁለት ኤክስ ክሮሞሶም፣ ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ። አልፎ አልፎ ሁለት ዋይ ይዞ የሚወለድ ወንድም አለ፤ አብዛኛው ሳያውቀው ኖሮ ሳያውቀው ይሞታል።

የአለቃዬ የዶ/ር ፍቅሩ ጥናት ውጤት ዛሬ ነገ እየተባለ እስካሁን የለም። ደብተሬ፣ አንቺ እንኳ ሰልችቶሻል። ሐምሌ ላይ ሃያ ታራሚና ሃያ ነጻ ሰው በፈቃዳቸው ደም ሰጡ። ጥያቄው አንድ፦ ትርፍ ዋይ ያለው ወንድ ወደ ወንጀል ያዘነብላል ወይ? ብልቃጦቹ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር በፖስታ ታሽጎ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ የወ/ሮ አልማዝ ካዝና ውስጥ ነው። እኔ ረዳት ተመራማሪ ነኝ። ማለትም የበረዶ ሣጥን ተሸካሚ።

ነጻ ሰው ማግኘቱ ነበር ፍዳችን። የፈቃድ ቅጹ አናት ላይ “ወንጀል” የሚል ቃል በደማቁ ተጽፏል። ማን ይፈርማል? አንድ ልብስ ሰፊ እኔ ምን አጠፋሁ ብሎ ሊደባደበኝ ተነሣ። መጨረሻ ላይ መምህራንና የጽ/ቤት ሰዎች እርስ በርስ ተለማምነን ሞላነው። ሁሉም ሐምሌ 19 ሰጡ። እኔ መርፌ ሳይ ላብ ያጠምቀኛል፤ ስቀር ስቀር ቆይቼ በማግስቱ ሐምሌ 20 ለብቻዬ ተጎትቼ ሰጠሁ። ነርሷ ጣራ ጣራውን እይ አለችኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው።


ጥቅምት 16፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡00

መጣ! ውጤቱ ከአዲስ አበባ መጣ። ከአርባው አንዱ፣ ቁጥር 31፣ ሁለት ዋይ አለው። ምስሉን አየሁት። ሁለቱ ዋዮች ጎን ለጎን ቆመዋል፣ ኩርፍርፍ ያሉ መንትዮች ይመስላሉ። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በበረዶ ሣጥን የሄደ ደም ይህን ያህል ጥርት ብሎ ይነበባል ያለ ማን ነበር? እኔ ነኝ የተሸከምኩት። እሰይ!

ዶ/ር ፍቅሩ አቀፈኝ። ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል፣ ሰላምታ እንኳ በአገጩ ነው። አሁን ግን አፉ ሞልቶ “ታራሚው፣ ታራሚው” ይላል። ፖስታው ገና አልተከፈተም፣ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አናውቅም አልኩት። ከየት ሊሆን ኖሯል፣ አንተ ደግሞ ነገር ታከብዳለህ አለኝ።

10፡30

ሻይ ክበብ ገብቶ ዘረገፈው። መምህሩ፣ ዘበኛው፣ ሾፌሩ ሁሉ ባለበት። ከታራሚዎቹ አንድ አገኘን፣ እንዲህ ያሉት ሰዎች ቁመታም ናቸው አለ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ከታራሚዎቹ ረጅሙ ማን እንደነበር ሾፌራችን ያውቃል፤ ወደ ማረሚያ ቤቱ ያመላለሰን እሱ ነው። ሾፌሩ ደግሞ እንደዚያ ታራሚ የጋሳይ ሰው ነው፣ የእናቴ አገር።




ጥቅምት 20፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡00

ደጄ ላይ ረጅም ሰው ቁጭ ብሎ አገኘሁ። አስናቀ። ሐምሌ ላይ የደሙን ብልቃጥ ስቀበል ያየሁት ታራሚ። መስከረም ላይ ተፈቷል። ግባ ብለው እምቢ አለ፣ ጫማዬ ጭቃ ነው አለ። እኩያዬ ነው፣ አንቱ ይለኛል፤ ተው ብለው አይሰማም።

ነገሩ ይህ ነው። ከአራት ዓመት በፊት በድንበር ጠብ የአያ በላይን ልጅ፣ ሙጨን፣ በዱላ መታው። የሙጨ ቀኝ እጅ ተሰበረ፤ ዛሬም እርፍ አይጨብጥም። አስናቀ አልካደም፣ ተፈረደበት፣ ጨረሰ። ግን እርቅ ሳይወርድ ወደ ቀዬው መመለስ የለም። ሚስቱና ልጆቹ ጋሳይ፣ እሱ እብናት እኅቱ ቤት። ሽማግሌዎቹ ለኅዳር ሚካኤል ቀጥረው፣ ካሳው ተስማምቶ፣ በጉ ተገዝቶ ነበር። ባለፈው ረቡዕ ወሬ ደረሰ፦ የአስናቀ ደም ውስጥ የወንጀል ትል ተገኘ። አያ በላይ ካሳውንም እርቁንም አልፈልግም አሉ። ለሰው ዋስ ይጠራል፣ ለደም ማን ዋስ ይሆናል አሉ።

የወንጀል ትል! ሳቄ መጣ፣ ፊቱን ሳየው ጠፋ። እሱ የመጣው ሊጣላ አልነበረም። ሊጠይቅ ነው። “መምህር፣ ካለብኝ ይንገሩኝ። ካለብኝ አልመለስም፣ ከልጆቼ ጋር አንድ ጣራ ሥር አላድርም።”

አላውቅም አልኩት። እውነቱ ይኸው ነው፣ አላውቅም። ግን ቢኖርብህም ትል አይደለም፣ ከልጆችህም አያርቅህም አልኩት። ያመነኝ አልመሰለኝም። ሲሄድ ጉንብስ ብሎ ሄደ፣ ቁመቱን ሊያሳጥር።

ተናደድኩ። እንዴት እንደተናደድኩ!


ጥቅምት 22፣ ሰኞ፣ 6፡00

ከዶ/ር ጋር ተጣላን። ፖስታው ይከፈት አልኩ። ትንተናው ሳያልቅ አይከፈትም፣ የሳይንስ ሕግ ነው አለ። ሕጉ ልክ ነው፣ እኔም አስተምረዋለሁ። ግን በካዝና የቆለፍነውን በአፋችን ከፍተነዋል አልኩት። ሻይ ክበብ ውስጥ። ሾፌሩ ፊት። ጆሮው ቀላ።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን አለኝ፦ ጻፍ፣ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው፣ እኔም እፈርማለሁ። እንደ ፈራሁት ክፉ ሰው አይደለም። የቸኮለ ሰው ነው።

የድሮዎቹን ጥናቶች ደግሜ አነበብኩ። በባሕር ማዶ እስር ቤት ገብተው ረጃጅሞቹን ለኩ፣ ትርፍ ዋይ አገኙ፣ ወንጀለኛው ተያዘ ብለው ጮኹ። ውጭ ያለውን ወንድ ማን ለካ? በኋላ ሲለካ ግን ሥራውን የሚሠራ፣ ልጁን የሚያሳድግ ስንት ባለ ሁለት ዋይ ተገኘ። የቀረችው ልዩነት ትንሽ ናት፣ እሷም አብዛኛው ከድህነትና ከትምህርት ጋር የምትሄድ። እኛም ያው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ነን።

8፡15

ወ/ሮ አልማዝ የካዝናውን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ያለ ደብዳቤ መልአክም ቢመጣ አልከፍትም አለችኝ። ሳምኳት። ደነገጠች።


ጥቅምት 26፣ ዓርብ፣ 5፡20

ኮሚቴው ፈቀደ። ሦስታችን ነበርን፦ ዶ/ር፣ እኔ፣ ወ/ሮ አልማዝ። ማኅተሙን ቀደደችው። ሁለት ወረቀት። አንደኛው ቁጥር፣ ወገንና ቀን፤ ሁለተኛው ስም። ዶ/ር ስሙን አናይም፣ ወገኑ ይበቃናል አለ። ትክክል። በጣቱ ወረደ። 29፣ 30፣ 31።

ነጻ ሰው።

ታራሚ አይደለም! አስናቀ አይደለም! ወ/ሮ አልማዝ እልል ልትል አፏን ይዛ ቀረች። ዶ/ር ፍቅሩ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

እኔ ግን ከጎኑ ያለውን ቀን አየሁ። ሐምሌ 20።

ሐምሌ 20 ደም የሰጠ አንድ ሰው ነው።

ወጥቼ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆምኩ። ደብተሬ፣ ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። ቁጥር 31 እኔ ነኝ።


ጥቅምት 27፣ ቅዳሜ፣ 4፡00

ሰኞ አስናቀን ከአጠገቡ ቆሜ ትል አይደለም ያልኩት ሰው፣ ዛሬ ማለዳ መስታወት ፊት ቆሜ የራሴን ትል እፈልጋለሁ። አላፍርም? ቅዳሜ ነው ደግሞ ያልኩት፣ ቀኑም ጠፋኝ።

ወንጀሎቼ፦ ልጅ ሆኜ የአጎቴን ልጅ በድንጋይ ፈነከትኩ። ከቤተ መጻሕፍት የወሰድኩት መጽሐፍ ዘጠኝ ዓመት አልመለስኩም። ትላንት ከሰዓት ክፍል ውስጥ ጮህኩ፣ ተማሪዎቹ ጸጥ አሉ፣ ወዲያው ሁለተኛው ዋይ ነው እንዴ የጮኸው አልኩ። አየሽ? አንድ ቀን! አንድ ቀን ብቻ ነው ያወቅሁት፣ ወዲያው ሠላሳ ስምንት ዓመቴን እንደ ፖሊስ መመርመር ጀመርኩ። አስናቀ ደግሞ ገና ሳይረጋገጥ ዐሥር ቀን ተሸከመው።

እኔ እኮ ለፋሲካ ዶሮ ማረድ የማልችል ሰው ነኝ። እናቴ ጎረቤት ነው የምትጠራው። አገር ያውቀዋል።

አሁን ሳቄ መጣ። እውነተኛ ሳቅ። ተማሪዎቼ “አንቴና” የሚሉኝ ለካ በምክንያት ነው።


ጥቅምት 29፣ ሰኞ፣ 10፡00

ዶ/ር ፍቅሩ ሻይ ክበብ ገባ፣ ስኒውን በማንኪያ መታ፣ ተሳስቼ ነበር አለ። ያገኘነው ሰው ታራሚ አይደለም፣ የቸኮልኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ። እንዲህ ያለ አለቃ አይቼ አላውቅም። ሾፌሩ አቀርቅሮ ስኳሩን አማሰለ አማሰለ። በኋላ መጥቶ ጋሳይ ሄጄ እኔው ራሴ አስተባብላለሁ አለኝ። ሂድ አልኩት።

ለአስናቀ ደወልኩ፦ ያንተ አይደለም። ስልኩ ውስጥ ሰማሁ፣ ያለቅሳል። “እግዜር ይስጥልኝ መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ” ይላል፣ ደጋግሞ። እኔም አለቀስኩ። ድል ይሉሻል ይኼ ነው።


ኅዳር 2፣ ሐሙስ፣ 7፡00

ቶሎ ዘፈንኩ። አስናቀ ደወለ። አያ በላይ አላመኑም። በመጀመሪያ ታራሚ ነው አሉ፣ አሁን ነጻ ሰው ነው አሉ፤ የተማረ ሰው ምላሱ ሁለት ነው። ነጻ ሰው ከሆነ ያ ሰው ማነው? አሳዩኝ፣ ልየው፣ ያኔ አምናለሁ። ያሉት ይህን ነው።

ልክ ናቸው፣ ይኼ ነው የሚያናድደው። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ሰውየውን አሳዩኝ እላለሁ።

ብናገርስ? ተማሪው ምን ይላል? ነገ ሴት ልጁን የሚድርልኝ ማነው? ማንም አያስገድደኝም፣ ምሥጢሬ የእኔ ነው፣ ቅጹ ላይ ተጽፏል። ዝም ብል ግን ሚካኤል ያልፋል፣ አስናቀ እብናት ይቀራል።

እናቴን ልጠይቅ።


ኅዳር 5፣ እሑድ፣ 8፡00፣ ጋሳይ

እናቴ፣ እመት ጥሩዬ፣ ድንች ስትለቅም ደረስኩ። አብሬያት እየለቀምኩ ነገርኳት። በደሜ ውስጥ ሌላው ወንድ አንድ የሚይዘው ነገር ለእኔ ሁለት ነው፣ ስፈጠር ጀምሮ፣ የማንም ጥፋት አይደለም። ድንቹን ጥላ አየችኝ። ያምሃል ወይ? አያመኝም። ይገድላል? አይገድልም። እስካሁን ያላገባኸው በዚህ ነው? አይደለም እማ፣ እሱ በስንፍናዬ ነው።

አሰብ አደረገችና “ታዲያ ጎደለህ ወይስ ተረፈህ?” አለች። ተረፈኝ አልኳት። “ለተረፈው ሰው ይለቀሳል እንዴ? ና ድንቹን ልቀም!”

ወይ እናቴ! ሁለት ዓመት የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ፣ እንዲህ ያለ አላገኘሁም። የአስናቀን ነገር ነገርኳት። ሚስቱን ታውቃታለች፣ አራት ዓመት እርሻውን ሌሎች በእኩል አርሰውላት፣ እህሉን እየተካፈለች እንዴት እንደኖረች ታውቃለች። ነጠላዋን አራግፋ፣ ለሚካኤል ነጭ ልብስ አለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ወሰንኩ።


ኅዳር 6፣ ሰኞ፣ 3፡00

ለዶ/ር ነገርኩት። መነጽሩን አወለቀ፣ አደረገ፣ አወለቀ። አንተ? አለኝ። አንተ? መርፌ ስታይ የምትወድቀው? ከዚያ ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። ወ/ሮ አልማዝ በሩን ከፍታ አብዳችኋል አለችን። ዶ/ር አብሬህ ልምጣ አለኝ። ተው አልኩት፣ ይህ የሽማግሌ ነገር ነው፣ ብቻዬን እሄዳለሁ።


ኅዳር 12፣ እሑድ፣ ሚካኤል፣ ጠዋት 12፡30

ውርጭ ሜዳው ላይ ተነጥፏል። የጉና ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል። ሱሪዬ አጥሮኛል፣ ሁልጊዜ ያጥረኛል። እናቴ ነጠላዬን አስተካክላ ቀጥ በል አለችኝ። ልቤ ይመታል። ደስ ደስም ይለኛል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።


ከሰዓት 11፡00

እጄ ቶሎ አይጽፍም፣ ከየት ልጀምር?

ቅዳሴ አልቆ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰብን። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ላይ፣ አለቃቸው ቄስ ሞላ መሐል። አያ በላይ ካባቸውን ተከናንበው ወዲያ ዞረዋል። ሙጨ እጁን ጋቢ ውስጥ ደብቋል። አስናቀ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ቆመ፣ እንደ ደንቡ። ያ ሁሉ ቁመት ታጥፎ።

ቄስ ሞላ አያ በላይን ስለ ሚካኤል ብለው ለመኑ። አያ በላይ ጥያቄያቸውን ደገሙ፦ ደሙ ሌላ ነው ተባለ፣ ከዚያ የሱ አይደለም ተባለ፣ ታዲያ የማን ነው? ቄስ ሞላ ዋስ ጥራ አሉት አስናቀን። ማንን ይጥራ?

ተነሣሁ። ዋሱ እኔ ነኝ አልኩ። ሰው ዞረ። ጮክ ብዬ ተናገርኩ፦ “አያ በላይ፣ የሚፈልጉት ሰው እኔ ነኝ። ያ ደም የእኔ ነው።”

አያ በላይ ዞረው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። መንገዱ ረጅም ነው፣ ጊዜ ወሰደባቸው።

“የጥሩዬ ልጅ?”

አዎ አልኩ።

“ዶሮ ለማረድ ጎረቤት የሚያስጠራው?”

ዋርካው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ፈነዳ። ቄስ ሞላ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሴቶቹ ወዲያ፣ እናቴ ድምጿ ከሁሉም በላይ። አፈርኩ፣ ግን እንዴት ያለ ማፈር! አስረዳኋቸው፣ በአጭሩ፦ ትርፉ ቁመት ይሰጥ ይሆናል፣ ዱላ ግን አያነሣም። አስናቀ ዱላ ያነሣው በድንበር ነው፣ በቁጣ ነው፣ እሱም ያውቀዋል፣ ተቀጥቶበታል። ጥፋቱ የእጁ ነው እንጂ የደሙ አይደለም። አስናቀ ከድንጋዩ ሥር ሆኖ “የእጄ ነው፣ አያ በላይ፣ የእጄ ነው” አለ።

አያ በላይ በጉን አምጡ አሉ። ቢላዋውን ለእኔ ዘረጉ። ዋስ ነኝ ካልክ እረድ አሉኝ። ሊፈትኑኝ ነው ወይስ ሊያሾፉብኝ፣ አላወቅሁም። ተቀበልኩ። በጉ አየኝ። አየሁት። ላብ። ዋርካው ዞረ፣ ጉና ዞረ፣ እኔ ሣሩ ላይ ቁጭ።

አያ በላይ ቢላዋውን ከእጄ ወሰዱ፣ ወደ ሕዝቡ ዞሩ፦

“ወንጀለኛው እንግዲህ ይኼ ነው?”

ሳቁ እስከ አስፋልቱ ሳይሰማ አይቀርም። ሙጨ ራሱ ጋቢውን ለቆ፣ የተሰበረ እጁን ሆዱ ላይ ይዞ ሳቀ። አስናቀ ሥር ድረስ ሄደው ድንጋዩን ከአንገቱ ያነሡት ራሳቸው አያ በላይ ናቸው። ጣሉት። “በል ና፣ ያንተ ዋስ ለዚህ አይሆንም፣ አንተ ያዝልኝ” አሉት።

አስናቀ በርከክ ብሎ በጉን ያዘ። አንገቱ ባዶ ነው፣ ጎንበስ ብሏል። ከላዩ አያ በላይ ቢላዋ ይዘዋል፣ የልጁ እጅ የተሰበረበት አባት። አንድም ሰው አልደነገጠም። እኔም አልደነገጥኩም፣ ከሣሩ ላይ ሆኜ አየሁ እንጂ። እነሱ አብረው አረዱ።

ከዚያ እልልታው። የአስናቀ ሚስት ከሴቶቹ መሐል ወጥታ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ሙጨ በግራ እጁ አነሣት። ልጆቹ አባታቸው ጉልበት ላይ። አስናቀ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ሙሉ ቁመቱን። ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፣ ይበልጠኛል!

አሁን እናቴ ቤት ነኝ። ሾፌሩ ጥብስ ይዞ መጥቶ ይቅርታ ብሎ ሄደ። ሁለት ልጃገረዶች በአጥር አሻግረው አዩኝና ሳቁ፤ እናቴ ይህንንም ቆጠረችው።

ነገ የማደርገውን ልጻፍ፣ እንዳይጠፋኝ። መጽሐፉን ለቤተ መጻሕፍቱ እመልሳለሁ። ቅጹን ከዶ/ር ጋር አዲስ እናደርገዋለን፣ አናቱ ላይ “ወንጀል” አይኖርም፣ ያን ጊዜ ልብስ ሰፊውም ይፈርማል። የመጀመሪያውን መስመር እኔ እሞላለሁ። ቁጥር አልጠቀምም። ሙሉ ስሜን፣ ይርጋ፣ ከነአባቴ፣ ከነ

እናቴ ትጠራኛለች። አያ በላይ በር ላይ ናቸው፣ ዶሮ ይዘው፣ ማረድ ላስተምረው ነው እያሉ